ከግቢያችን የሚነሣ አሮጌ ወይራ፦ ቦንሳይ ማድረግ ይቻላል?

የሳሪስ_ግቢ · ጥቅምት 3

ሰላም ለሁላችሁም። ሳሪስ አካባቢ ከወላጆቻችን በወረስነው ግቢ ነው የምኖረው። አጥሩ ጥግ ላይ አባቴ የተከለው አንድ ወይራ አለ። ዛፍ እንዲሆን አልተተወም፤ መተላለፊያውን እንዳይዘጋ አባቴ በየዓመቱ ከላይም ከጎንም ይከረክመው ነበር። እሱ ካረፈ ወዲህ ዞር ብሎ ያየው የለም። አሁን ከእኔ ቁመት በላይ ሄዷል። ሐረግ ተጠምጥሞበታል። ውስጥ ውስጡ ግማሹ ደርቋል። ግርጌው ግን ወፍራም ነው። ከመሬት ትንሽ ከፍ ብዬ በሜትር ስለካው ዙሪያው 52 ሳንቲሜትር ሆነ። ከዚያ በላይ በሦስት ግንድ ይከፈላል።

ችግሩ ወንድሜ እዚያ ቦታ ላይ ሰርቪስ ቤት ሊሠራ ነው። ከፋሲካ በኋላ መሠረት ይቆፈራል። በእሱ አልፈርድም፤ ሌላ ባዶ ቦታ የለንም። እኔ ግን ይህ ተክል ማገዶ ሆኖ እንዲቀር አልፈልግም። ሙሉውን ነቅዬ ሌላ ጥግ ልትከለው ብልም ግቢው አይበቃም። ከአሮጌ ቁጥቋጦ ቦንሳይ፣ ማለትም በማሰሮ ውስጥ አጥሮ የሚያድግ ዛፍ፣ ሲሠራ ቪዲዮ ላይ አይቻለሁ። ነገር ግን ዛፉም ሌላ ነው፣ አገሩም ሌላ ነው። እነሱ የሚነቅሉት ክረምታቸው አልቆ በረዶው ሲቀልጥ ነው። እኛ ጋ የቱ ወር ነው? አፈራችን ዋልካ ነው። ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ልምድ ያላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ። ተስፋ የለውም ካላችሁም ንገሩኝ፤ ከአሁኑ ልወቀው።

ችግኝ_ቤት · ጥቅምት 3

እህቴ፣ ወይራ በቀላሉ የሚሞት ተክል አይደለም። ግን ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጀምር ንቀይው። ተክል በክረምት ነው የሚዛወረው። በፀሐይ ብትነቅይው ይደርቅብሻል። ወንድምሽን አንድ ሁለት ወር እንዲታገስ ለምኚው።

ቅጠላ_ቅጠል · ጥቅምት 4

ሐሳቤን ልስጥና፣ ዛፍን ሥሩን ቆርጦ፣ በሽቦ ጠምዝዞ፣ ሳህን የምታህል ዕቃ ላይ ማስቀመጥ ማሰቃየት አይመስላችሁም? እኔ ሳየው ይጨንቀኛል። በአቅራቢያሽ ያለ ቤተ ክርስቲያን ወይም ትምህርት ቤት ቢወስደውና መሬት ላይ ቢተክለው አይሻልም?

ጡረተኛው_ፎርማን · ጥቅምት 4

ልጄ፣ ይቻላል። ያውም በጣም ጥሩ ግንድ ነው ያለሽ።

ሥራዬ ግንባታ ነበር። ተክል በማሰሮ ማሳደግ የጀመርኩት ገና ሥራ ላይ እያለሁ ነው። አሮጌ ቤት ፈርሶ ሕንፃ ሲነሣ መጀመሪያ የሚሄደው የግቢው ተክል ነው። ቡገንቪሊያው፣ ሮማኑ፣ ወይራው፣ ሁሉም በኤክስካቫተር ተዝቆ ገልባጭ መኪና ላይ ይጫናል። ያንን ማየት አልወድም ነበር። ይድናል ያልኩትን ባለቤቶቹን አስፈቅጄ እወስድ ነበር። ዛሬ ጣራዬ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ከእንደዚያ ዓይነት ግቢ የመጡ ናቸው። ስለዚህ ጥያቄሽን አንብቤ ማለፍ አልቻልኩም።

መጀመሪያ ምን እንደያዝሽ ልንገርሽ። ዙሪያው 52 ከሆነ ውፍረቱ 16 ሳንቲሜትር ተኩል ገደማ ነው። ከችግኝ ተነሥቶ በማሰሮ ውስጥ ይህን ውፍረት ማምጣት የሰው ዕድሜ ይፈጃል። ማሰሮ ውስጥ ሥሩ ስለሚገደብ ግንድ የሚወፍረው በጣም በዝግታ ነው። አባትሽ መሬት ላይ ተክለው፣ በየዓመቱ እየከረከሙ፣ ዋናውን ሥራ ጨርሰውታል። መከርከማቸው ቁመቱን ይዞት ጉልበቱን ወደ ግርጌው አወረደው። አሁን የቀረሽ ያንን ግርጌ ከነሕይወቱ ከመሬት ማውጣት ነው። የቀረው ሁሉ፣ ቅርንጫፉም ቅርጹም፣ ከዚያ በኋላ ቀስ ብሎ ይመጣል። ብዙ ሰው ተገላቢጦሽ ነው የሚሠራው። ገና በመጀመሪያው ቀን መቀስና ሽቦ ይዞ ቅርጽ ሊያወጣ ይሞክራል። አንቺ ለአንድ ዓመት ያህል ስለ ቅርጽ አታስቢ። ስለ ሥር ብቻ አስቢ።

ወይራ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ግርጌው ያብጣል፤ እዚያ ውስጥ ስንቅ ያከማቻል። ከላይ ቢቆረጥም፣ ከብት ቢበላውም፣ እሳት ቢነካውም ከዚያ እብጠት ላይ እንደገና ያቆጠቁጣል። አሮጌ እንጨቱም ላይ ቢሆን ቡቃያ ያወጣል። ጽድ ቢሆን ኖሮ ይህን አልልሽም ነበር። ጽድ ቅጠል የሌለበት ቅርንጫፉ ከተቆረጠ እዚያ ላይ ዳግመኛ አያወጣም።

አሁን ወደ ወሩ ልምጣ። ችግኝ_ቤት ያለው ለችግኝ ልክ ነው። ችግኝ ከነአፈሩ፣ ከነሙሉ ሥሩ ነው የሚተከለው፤ ዝናቡ ይጠቅመዋል። የአንቺ ተክል ግን ወፍራም ሥሮቹ በመጋዝ ይቆረጣሉ። የተቆረጠ ወፍራም ሥር በሐምሌና በነሐሴ ብርድና ጭቃ ውስጥ ሲቀመጥ ይበሰብሳል። ወይራ አዲስ ሥር ለማውጣት ሙቀት ይፈልጋል። አዲስ አበባ ደግሞ የሚሞቀው ከየካቲት እስከ ግንቦት ነው። እኔ ወይራ የማወጣው የዐቢይ ጾም እኩሌታ ገደማ ነው። ፀሐዩ የሚያስፈራ ከሆነ ጥላ ይሠራለታል። ብርዱንና ጭቃውን ግን ማቆም አይቻልም። ከፋሲካ በፊት ማውጣትሽ ስለዚህ ጉዳት የለውም፤ ይልቅ ጥቅም ነው። ወንድምሽን መለመን አያስፈልግሽም።

እስከዚያ ግን ሥራ አለሽ፣ ያውም ከዛሬ ጀምሮ። ሐረጉን አንሺለት። ሥሩ አካባቢ ያለውን አፈር በእጅሽና በትንሽ እንጨት ቀስ እያልሽ ግፊው፤ ዶማ አታስጠጊ። ግንዱ ወደ ሥር የሚሰፋበትን ቦታ ፈልጊ። ግቢ ውስጥ የቆየ ተክል ዓመት እስከ ዓመት አፈር ስለሚጨመርበት እውነተኛው ግርጌ ብዙ ጊዜ ተቀብሮ ነው የሚገኘው። ከላይ ከሚታየው ሰፍቶ ታገኚዋለሽ።

ከዚያ ከግንዱ 25 ወይም 30 ሳንቲሜትር ርቀሽ ግማሽ ክብ ቦይ ቆፍሪ። ሙሉ ክብ አይደለም፤ ግማሽ ብቻ። ቦዩ ውስጥ የሚያጋጥምሽን ወፍራም ሥር በመጋዝ ጥርት አድርገሽ ቁረጪ። በዶማ የተቀጠቀጠ ሥር ይበሰብሳል። ቦዩን በሬድ አሽ (በቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) እና በጥቂት ኮምፖስት ሙዪው፤ ዋልካውን አትመልሺበት። በተቆረጠው ሥር ጫፍ ላይ ቀጫጭን ሥሮች ወደዚያ ይወጣሉ። በመጋቢት ስታወጪው ይዘሽው የምትሄጂው እነዚያን ነው። ሌላው ግማሽ ደግሞ እስከዚያው ተክሉን ያጠጣል፣ ይመግበዋል።

በጋውን ሙሉ ቦዩን ውኃ አጠጪ። ደረቅ ቦይ ውስጥ ሥር አያድግም። ቅጠሉን ግን አትንኪው። ሰው ሁሉ አሁኑኑ ከላይ መቁረጥ ያምረዋል። አዲሱን ሥር የሚያበቅለው ያ ቅጠል ነው። የሚቆረጠው የሚነቀል ዕለት ነው።

ስለ አፈሩም ልንገርሽ፤ ይህ እኔ በደንብ የማውቀው ነገር ነው። ዋልካ ማሰሮ ውስጥ አይግባ። ሲረጥብ አየር ያፍናል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲሰነጠቅ ሥር ይበጥሳል። አገራችን ላይ ለዚህ ሥራ ከውጭ የሚገዛ ነገር አያስፈልግም። ከቢሾፍቱ አካባቢ ካሉት የእሳተ ገሞራ ኮረብቶች የሚመጣው ሬድ አሽ አለ። ለብሎኬት የሚገባው ቀላሉ ነጣ ያለ ፑሚስ አለ። ሁለቱም ውስጣቸው ቀዳዳ ነው፤ ውኃም ይይዛሉ፣ አየርም ያስገባሉ። ብሎኬት የሚመረትበት ቦታ ሄደሽ በማዳበሪያ ከረጢት ብትጠይቂ ይሰጡሻል። ከዚያ በሁለት ወንፊት ንፊው። በምስርና በባቄላ መሀል ያለውን መጠን አስቀሪ። ዱቄቱን አውጪ፤ ቀዳዳውን ሁሉ የሚደፍነው ዱቄቱ ነው። ለወንድምሽ ከወለል ሥር ይሞላበታል። ሬድ አሹንና ፑሚሱን እኩል ቀላቅለሽ ውኃ እስኪጠራ እጠቢው። ይኸው ነው።

ማውጫው ቀን ሲደርስ እዚሁ ጻፊልኝ፣ አንድ በአንድ እነግርሻለሁ። ወይም ዝግጅቱን እንድታውቂ አሁኑኑ ልጨርሰው።

ሌሊት ላይ በደንብ አጠጪው። ጠዋት መጀመሪያ ከላይ ቁረጪ። የዚህ ዓይነት ወፍራም ወይራ የመጨረሻ ቁመቱ የግንዱ ውፍረት ሦስት እጥፍ ቢሆን ያምራል፤ ለአንቺ 50 ሳንቲሜትር ገደማ ማለት ነው። ግን ለጊዜው ከዚያ ከፍ አድርገሽ ከ60 እስከ 70 ላይ ተዪው፤ ጫፉ ስለሚደርቅ መጠባበቂያ ይሁንሽ። ቀጥሎ ሌላውን ግማሽ ክብ ቁረጪ። ከሥር ወደ ታች የሚወርደውን ሥር ጠፍጣፋ አድርገሽ ቁረጪ፤ ከግርጌው በታች 12 ሳንቲሜትር ያህል ይበቃል። ዋልካውን በውኃ እጠቢ። ሥሩ በዚህ ሁሉ ጊዜ ፀሐይና ነፋስ እንዳይነካው እርጥብ ጆንያ ሸፍኚው።

ሳጥን ቀድመሽ አሠሪ። ኮንክሪት የፈሰሰበት አሮጌ ጣውላ ጥሩ ነው። ጥልቀቱ 20 ሳንቲሜትር፣ ወርዱ ሥሩን የሚይዝ ይሁን፤ ከሥሩ ብዙ ቀዳዳ፣ ቀዳዳው ላይ የትንኝ ወንፊት። ወይራውን አስገቢና ከሳጥኑ ጋር በሽቦ እሰሪው። ይህንን በደንብ ስሚኝ። ግንዱ የሚነቃነቅ ከሆነ ክር የሚያህለው አዲስ ሥር በወጣ ቁጥር ይበጠሳል። ከነቀሉ በኋላ ከሚሞቱት ብዙዎቹ የሚሞቱት በዚህ ነው እንጂ በውኃ ጥም አይደለም። ገፋ ስታደርጊው ሳጥኑ አብሮ መንቀሳቀስ አለበት።

የሬድ አሹንና የፑሚሱን ድብልቅ በቀጭን እንጨት እየወጋሽ በሥሮቹ መሀል አስገቢው፤ ባዶ ቦታ እንዳይቀር። የተቆረጠውን አፍ በንብ ሰም ዝጊ። በላዩ ላይ ግልጽ ፕላስቲክ እንደ ድንኳን አልብሺውና ጥላ ሥር አስቀምጪው። ፕላስቲኩ ላይ ፀሐይ እንዳያርፍ፤ ተክሉ ይቀቀላል። ውኃሽ በፈረቃ ከሆነ ፕላስቲኩ ያግዝሻል፤ እርጥበቱን ስለሚይዝ በየቀኑ ማጠጣት አይኖርብሽም። ሁለት ጀሪካን ለእሱ ብቻ ለይተሽ አስቀምጪ።

ከሳምንታት በኋላ ግንዱ ላይ ትንንሽ ቡቃያ ታያለሽ። ደስ ይበልሽ፤ ግን ገና ነው። የመጀመሪያው ቡቃያ ግንዱ ውስጥ ካለው ስንቅ ነው የሚወጣው። ሥር ሳይኖርም ሊወጣ ይችላል። ያኔ ፕላስቲኩን ገፎ፣ ፀሐይ ላይ አውጥቶ፣ ማዳበሪያ የሚሰጥ ሰው ተክሉን ያጣዋል። ቡቃያው ስንዝር እስኪደርስና ቅጠሉ እስኪጠነክር ጠብቂ። ከዚያ ፕላስቲኩን በጥቂት በጥቂቱ ክፈቺ። ማዳበሪያ ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም የበሰለ ፍግ ወይም ኮምፖስት። ዩሪያ እንዳትነኪ።

ክረምት ሲገባ ሳጥኑን ከመሬት ከፍ አድርጊው፤ ድንጋይ ወይም ብሎኬት ላይ። በረዶ ሲጥል ለጋውን ቅጠል እንዳይቀጠቅጠው ጣራ ሥር አስጠጊው።

ችግኝ_ቤት · ጥቅምት 5

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። የተቆረጠ ሥርና ሙሉ ሥር ልዩነቱን እንዲህ አስቤው አላውቅም ነበር። እኛ ጋ ችግኝ እንጂ አሮጌ ግንድ አይመጣም። እንደ ቦዩ ዓይነት ነገር ግን እኛም እናደርጋለን፤ ትልልቅ ቡገንቪሊያ ለደንበኛ ስናዛውር ቀድመን ዙሪያውን እንቆርጣለን። እህቴ፣ የእሳቸውን ስሚ። ለቦዩ ኮምፖስት ካጣሽ እኔ ጋ አለ።

ሜሪላንድ_ነኝ · ጥቅምት 6

ለቅጠላ_ቅጠል አንድ ነገር ልበል። ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ይሰማኝ ነበር። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ በብሔራዊው የዕፅዋት ማዕከል የቦንሳይ ሙዚየም አለ፤ መግቢያው በነፃ ነው። እዚያ አንድ ነጭ ጥድ አለ። በማሰሮ ማደግ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1625 ነው። ያማኪ የሚባል የሂሮሺማ ቤተሰብ ከአባት ወደ ልጅ ሲያወርሰው የኖረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 አቶሚክ ቦምቡ ሲጣል ዛፉ ከፍንዳታው ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ፣ በግቢያቸው ግንብ ተከልሎ ነበር። ተረፈ። በ1976 አሜሪካ 200ኛ ዓመቷን ስታከብር ጃፓን ከላከቻቸው ዛፎች ጋር መጣ። ከየት እንደመጣ ታሪኩ እዚህ የታወቀው ግን በ2001 የቤተሰቡ የልጅ ልጆች ሊያዩት ሲመጡ ነው። ዛሬም አረንጓዴ ነው። አራት መቶ ዓመት በማሰሮ የኖረ ዛፍ ተሰቃይቷል ለማለት ይከብደኛል። በየቀኑ ውኃ የሚያጠጣው፣ አፈር የሚቀይርለት ሰው ሲኖረው ነው እዚህ የደረሰው። ሰው ከጠፋ ግን ማሰሮ ውስጥ ያለ ዛፍ በቶሎ ይሞታል፤ ይህ እውነት ነው፣ ሊታሰብበት ይገባል።

እኔ ራሴ የያዝኩት ጎረቤቴ ከቤቱ ፊት ሊጥለው የነበረ ቦክስውድ የሚባል አሮጌ ቁጥቋጦ ነው። እዚህ ያለው ወቅት ለእናንተ ስለማይሆን ምክር አልሰጥም። ጋሼ ያሉት ስለ መነቃነቅ ግን የትም አገር ያው ነው።

ቅጠላ_ቅጠል · ጥቅምት 6

የሂሮሺማውን አላውቅም ነበር። እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲህ ማሰቃየት የሚለውን እተወዋለሁ። ማን ያጠጣዋል የሚለው ጥያቄ ግን ይቅር አትበሉኝ። እህቴ፣ አንቺ ክፍለ ሀገር ብትሄጂ ማን ይይዘዋል?

የሳሪስ_ግቢ · ጥቅምት 10

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጽሑፍዎን ለወንድሜ አነበብኩለት። የብሎኬት ሥራ የሚያውቅ ጓደኛ አለው፤ ሬድ አሹን እሱ ያመጣል። ውኃውንም ቅጠላ_ቅጠል እንዳልከው አስበንበታል፤ እኔ በሌለሁ ጊዜ ወንድሜ ሊያጠጣ ተስማምቷል።

ቅዳሜ ግርጌውን በእጄ ገለጥኩት። እውነትዎን ነው፤ ከሥር ሰፋ ይላል፤ አራት አምስት ወፍራም ሥር እንደ ጣት ተዘርግቷል። ግን በግድግዳው በኩል መጥፎ ነገር አየሁ። ሦስተኛው ግንድ የሚነሣበት ቦታ ጥቁር ነው፤ በእንጨት ስነካው ይፈረፈራል፤ ጣቴ የሚገባበት ቀዳዳም አለ። በዚያ በኩል ያለው ሥርም የሞተ ይመስላል። ተክሉ ሁሉ በስብሷል ማለት ነው? ወንድሜ ቀዳዳውን በሲሚንቶ እንድፈነው ይላል። ሌላው ጥያቄዬ ስለ ማሰሮው ነው። ቦንሳይ ማሰሮ የሚሸጥበት አይቼ አላውቅም። ሽቦስ ከየት ይገኛል?

ጡረተኛው_ፎርማን · ጥቅምት 11

ሲሚንቶ በፍጹም! ወንድምሽን ሰላም በይልኝና፣ ሲሚንቶ ለቤቱ ያስቀምጠው። ድሮ የዛፍ ቀዳዳ በሲሚንቶ ይደፈን ነበር። ሲሚንቶ ከእንጨት ጋር አብሮ አይላላም፤ በመሀል ስንጥቅ ይፈጠራል፤ ውኃ እዚያ ገብቶ ይተኛል። ብስባሱ ይብሳል። ቀዳዳው ክፍት ሆኖ ይድረቅ። የሚፈረፈረውን በመሮና በማንኪያ እየፋቅሽ አውጪ። ጠንካራ እንጨት ላይ ስትደርሺ አቁሚ። ውኃ እንዳይቋጥር ወደ ታች መውጫ ብቻ አበጂለት።

አይ፣ ተክሉ ሁሉ አልበሰበሰም። ወይራ ሲያረጅ መሀሉ ይቦረቦራል። አሮጌ ደብር ግቢ ውስጥ ያሉትን ወይራዎች ልብ ብለሽ አይተሻል? ግንዳቸው የተጠማዘዘ፣ የተሰነጠቀ፣ ልጅ የሚደበቅበት ዋሻ ያለው፤ ከላይ ግን ቅጠሉ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ሕይወቱ ያለው ከቅርፊቱ ሥር ባለው ስስ ንብርብር ነው። የሞተው እንጨት ደግሞ ጠንካራ ስለሆነ ቶሎ አይጠፋም።

አንድ ነገር ግን እወቂ። ወይራ ላይ አንድ ሥር የሚመግበው በአብዛኛው ቀጥ ብሎ በላዩ ያለውን ግንድ ነው። በግድግዳው በኩል ያለው ሥር ከሞተ ሦስተኛው ግንድም እየደከመ ነው ማለት ነው። ቅጠሉን ተመልከቺው፤ ከሌሎቹ ያነሰና ገርጣ ያለ ይሆናል። ቦዩን ስትቆፍሪ ስለዚህ በደህናው በኩል አይሁን። በግድግዳው በኩል ጀምሪ። ደህናው ሥር እስከ መጋቢት ሳይነካ ይቆይ። ተክሉን በምታወጪበት ዕለት ሦስተኛውን ግንድ አሳጥረሽ፣ ቅርፊቱን ገፈሽ ደረቅ ጉቶ አድርገሽ ተዪው። ሥሩ ድረስ ቆርጠሽ አትጣዪው። ዕድሜውን የሚያሳየው እሱ ነው።

ቅርጹን አሁን አታስቢ ብዬሽ ነበር፤ ግን አንድ ሐሳብ ላስቀምጥልሽ። ኢንተርኔት ላይ የምታዪው አብዛኛው የጃፓን ጥድ ቅርጽ ነው፤ ቅርንጫፉ በደመና በደመና የተከፈለ። ያ የጥድ ቅርጽ ነው። ለወይራ ወይራን መምሰል ይሻለዋል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ይህንኑ የእኛን ወይራ በብዛት ይሠሩበታል፤ የዱር ወይራ በሚመስል ክብ አናትና ቦርቧራ ግንድ። ቻርልስ ሴሮኒዮ የሚባለው የአገራቸው ባለሙያ ደግሞ የግራርን ጃንጥላ አናት ወስዶ ራሱን የቻለ የቦንሳይ ስልት አድርጎታል። ፒርኒፍ ይሉታል፤ ግራር ይስል በነበረው ሠዓሊያቸው ስም ነው። እነሱ በሜዳቸው ያለውን ዛፍ አይተው ከሠሩ፣ ከእንጦጦ እስከ ላሊበላ ወይራ እያየን ያደግን ሰዎች ሞዴል አንቸገርም። በበጋው ጊዜ ሲኖርሽ ያረጀ ወይራ ያለበት ግቢ ሂጂና ቁጭ ብለሽ እይው። ቅርንጫፉ ከግንዱ በምን አቅጣጫ እንደሚወጣ፣ ከታች ያለው ከላይኛው ምን ያህል እንደሚወፍር። ከቻልሽ በእርሳስ ሞነጫጭሪው። ከዚያ በሁለተኛው ዓመት ቡቃያሽን ስትመርጪ እሱ ይመራሻል።

ከዱር ወይም ከደብር ግቢ ግን ማንም ተነሥቶ እንዳይነቅል። ይህን የምለው ለሚያነቡት ሁሉ ነው። ከሚፈርስ ግቢ የሚወጣ ብዙ አለ፤ እሱ ለሁላችንም ይበቃል።

ማሰሮው አሁን አያስፈልግሽም። ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ዓመት ይቆያል፣ ምናልባትም ሦስት። ሲደርስ ቀጨኔ ሂጂ። ከሳሪስ ሩቅ ቢሆንም ይገባዋል። እዚያ ሸክላ የሚሠሩ እናቶች አሉ። ሞላላ፣ ጥልቀቱ 12 ሳንቲሜትር የሆነ፣ ገበታ የመሰለ ዕቃ እዘዢ። ቀዳዳዎቹን ሳይተኮስ በፊት እንዲያወጡልሽ ንገሪያቸው፤ ከተተኮሰ በኋላ በትሬፓኖ መብሳት ይሰነጥቀዋል። ማሰሪያ ሽቦ የሚያልፍባቸው ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎችም ይጨምሩበት። ጥቁሩ ሸክላ ለወይራ አመድማ ግንድ ያምራል። የአውሮፓ ሰዎች እንዲህ ያለ ሸክላ ውጭ ቢያስቀምጡት ቅዝቃዜው ይሰነጥቀዋል፤ አዲስ አበባ ግን አፈሩን በረዶ አድርጎ የሚያደርቅ ውርጭ ስለሌለ ችግር የለውም።

ሽቦውም ቀላል ነው። የቤት መብራት የሚዘረጋበት ነጠላ የመዳብ ሽቦ፣ ባለ 2.5 የሚሉት፣ ለቀጭን ቅርንጫፍ ይሆናል፤ ለወፈር ያለው ባለ 4። ፕላስቲኩን በቢላ ግፈፊው፤ በእሳት አታቃጥይው፣ ጭሱ መርዝ ነው። ባዶውን ሽቦ ከሰል ላይ ቀይ እስኪሆን አስቀምጪና አውጪው። ይለሰልሳል። ቅርንጫፉ ላይ ከተጠመዘዘ በኋላ መልሶ ይጠነክራል፤ ለዚህ ነው መዳብ የሚመረጠው። የወይራ ቅርንጫፍ እርሳስ እስኪያህል ድረስ በደንብ ይታጠፋል። ከዚያ ካለፈ ይሰበራል እንጂ አይታዘዝም። ሽቦው ቅርፊቱን መብላት ሲጀምር በፒንሳ ቆራርጠሽ አውጪ፤ እየፈታሽ ለማዳን አትሞክሪ፣ ቡቃያውን ትሰብሪያለሽ።

ከላይ የምትቆርጪውን እንጨት አትጣዪው። እናትሽ ወይም አክስትሽ የወተትና የጠላ ዕቃ የሚያጥኑ ከሆነ ስጫቸው። ከቅርንጫፉ ቁራጭ ችግኝ ላወጣ ብትዪ ግን ያደክምሻል፤ ወይራ በቁራጭ በቀላሉ ሥር አይሰድም። ዘር ካገኘሽ ጠንካራውን ቅርፊት ሰንጠቅ አድርገሽ ዝሪው፤ ካልተሰነጠቀ ብዙ ይቆያል።

ለአሁን ከአንቺ የምፈልገው ፎቶ ነው። የገለጥሽውን ግርጌ ከአራቱም አቅጣጫ፣ ከወገብሽ በታች ዝቅ ብለሽ አንሺው፤ ከላይ ሲነሣ ሥሩ አይታይም። በግድግዳው በኩል ያለውን ቀዳዳም በቅርበት። የቦዩን መስመር ከዚያ ተነሥቼ ምልክት አድርጌ እልክልሻለሁ።

የሳሪስ_ግቢ · ጥቅምት 11

እሺ ጋሼ። አሁን መሽቷል፤ ነገ ጠዋት ብርሃን ሲሆን አነሣና እለጥፋለሁ። ልክ ነዎት፣ የሦስተኛው ግንድ ቅጠል አነስ ያለ ነው፤ ዛሬ አስተዋልኩት። ችግኝ_ቤት፣ ኮምፖስቱን አንድ ከረጢት አስቀምጥልኝ።